ዘንገረብን የሣልኩት እኔ ነኝ

ሞላሌ፣ ጥቅምት 14 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለአክስቴ ልጅ፣ ለወንድሜ ለትዕዛዙ፤

ሰላምታዬ ከደብዳቤዬ ቀድሞ ይድረስህ። በዚያ በብርዱ አገር ጤናህ እንዴት ነው? እኛ ገብሱን ማጨድ ጀምረናል። አባባ ሳል ቢይዛቸውም ከብራናቸው አልተነሡም፤ እናትህ አክስቴ አማከለችም እኔን መቆጣታቸውን አላቋረጡም። ለቸሩ ፈጣሪ ምስጋና ይግባውና ሁላችንም ደህና ነን።

ኢንተርኔት ከተቋረጠ ወዲህ በስልክ መላክ ስለማይቻል፣ ይህን ደብዳቤ ያደረሰችልህ ሴት አንድ ቀርከሃም ትሰጥሃለች። ቀርከሃው ውስጥ የተጠቀለለው ብራና የእኔ ሥራ ነው።

ልብ ወለድ እንደምጽፍ ታውቃለህ። እዚህ ሰዉ ሁሉ «ያቺ ተረት የምትጽፈው መምህርት» ይለኛል፤ ይበለኝ። ታሪኩ የሚሆነው ዘንገረብ በምትባል አገር ነው። በዘንገረብ መንገድ እንደ ሰው ይሞታል። ማንም የማይሄድበት መንገድ ሲሞት ወጥተው የሚቀብሩት ቀባሪዎች አሉ፤ ሰገነት የምትባል ልጅ ከእነሱ አንዷ ናት።

እኔ ደግሞ ሳልሥል መጻፍ አይሆንልኝም። ሰገነት ከቤቷ ወጥታ ወዴት እንደምትታጠፍ ካልሣልኩ እግሯ አይነሣም። ጫማዋን ሣልኩ፤ የበሯን መቀርቀሪያ ሣልኩ፤ የሚያሳድዳትን አውሬ በብዙ ዓይነት ሣልኩትና አንዱም ስላላስፈራኝ ከታሪኩ አወጣሁት። ካርታውንማ ስንቴ እንደቀደድኩት አልነግርህም። ከተማ አስቀምጬ «ልጅቷ በእግሯ በቀን አትደርስም» ብዬ አፈርሳለሁ። ተራራ አቁሜ «ታዲያ ዝናቡ ወዴት ይወርዳል?» ብዬ እሰርዛለሁ። እዚህ መንዝ የጓሳ ሣር እንዳይታጨድ በሥርዓት እንደሚዘጋው፣ ለዓመታት የሚዘጋ ሣር አበጀሁላቸው፤ ጠባቂው ሳይቀር ስም አለው። እንዲህ ስል አሥር ዓመት ሆነኝ።

በታሪኩ ውስጥ ቀባሪዎቹ ካርታቸውን የሚይዙት በቆዳ ላይ ነው። ስለዚህ የመጨረሻውን ካርታ አባባ «የአንገት ቆዳ ነው፤ ለመጽሐፍ አይሆንም» ብለው በሰጡኝ ብራና ላይ ሠራሁት፤ በመቃ ብዕር፣ በእሳቸው ቀለም፣ የቦታዎቹንም ስም በቁም ጽሕፈት። አዲስ አበባ ያለው ማተሚያ ቤት ያነሣው ፎቶ ግን ጭቃ መሰለ። አንተም «ወዲህ ላኪው፣ እዚህ ጥሩ ማሽን አለ» ብለኸኝ ነበር። ይኸው ላክሁ። አስነሣውና ፎቶውን ለማተሚያ ቤቱ ላክልኝ፤ ብራናውን በመጀመሪያው መንገደኛ መልስልኝ። አደራ፣ አይታጠፍ። ሌላ የለኝም።

እህትህ ጽናት መርስዔ ኃዘን


ጎተንበርግ፣ ጥር 20 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለውድ እህቴ ለጽናት፤

የአምላክ ቸርነት፣ የአያታችንም በረከት ከአንቺ ጋር ይሁን። የአጎቴን የአባትሽን የመሪጌታን ጉልበት ሳሚልኝ። እናቴንም «ልጅሽ ደህና ነው፣ ወፍሯል» በያት፤ ደስ ይላታል። የዘገየሁት ሥራ በዝቶብኝ ነው። ትራም የሚነዳ ሰው በዚህ ወራት እረፍት የለውም።

ቀርከሃው በሰላም ደርሶኛል። ስከፍተው ያ የብራና ሽታ የአያታችንን ቤት አስታወሰኝና ቁጭ ብዬ ቀረሁ። ጽናት፣ እንዲህ ያለ ነገር ይሆናል ብዬ አላሰብኩም ነበር። እዚህ ከተማ ከየአገሩ የመጡ የጥንት ዕቃዎችን የሚያሳይ የባህል ቤት አለ፤ ያ የነገርኩሽ ጥሩ ማሽን ያለው እነሱ ጋ ነው። ኃላፊው ብራናውን ሲያየው ከወንበሩ ተነሣ። ነጭ ጓንት አስመጥቶ አጠለቀና በሁለት እጁ ያዘው። እኔን ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ፤ ሻይ አስመጣልኝ።

ጥቂት ጊዜ እነሱ ዘንድ ቢቆይ ይሻላል ብለዋል። እስከዚያው አንዳንድ ነገር ልጠይቅሽ። ቆዳው የስንት ዘመን ነው? አጎቴ ከማን አገኙት? ሌላስ የዚህ ዓይነት ቤት ውስጥ ይኖር ይሆን? ካለ ላኪልኝ። ልብ ወለድሽን ደግሞ አትቸኩይበት፤ ጥሩ ነገር ጊዜ ይፈልጋል።

ወንድምሽ ትዕዛዙ


ሞላሌ፣ መጋቢት 9 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለትዕዛዙ፤

ጾሙን በሰላም ያስፈጽምህ። ጉልበት ስሜአለሁ፤ መወፈርህንም ነግሬአለሁ።

የስንት ዘመን ነው አልከኝ? የአምና ፋሲካ ፍየል ነው። ሥጋውን እናትህም በልተውለታል፤ ጠይቃቸው። ከማን አገኙት? ከዘመሮ ገበያ፣ ከነቀንዱ። እጁ የማን ነው ብለህ አልጠየቅኸኝም፣ እኔ ግን ልንገርህ። የእኔ ነው። መጀመሪያ በጻፍኩልህ ደብዳቤ ላይ ሁሉንም አብራርቼልሃለሁ። አንብበኸዋል? ወይስ ያንንም ለሰውየው በጓንት አስያዝከው?

«ሌላም ካለ ላኪልኝ» ትለኛለህ። የላክሁት ሳይመለስ! ማተሚያ ቤቱ እስካሁን ፎቶ አልደረሰውም። ክረምት ሳይገባ ሊያትምልኝ ወረፋ ሰጥቶኝ ነበር፤ ያለ ካርታው ደግሞ አይሆንም። አንባቢው ሰገነት የት እንዳለች ካላወቀ ለምትቀብረው መንገድ እንዴት ያዝናል? «ጥሩ ነገር ጊዜ ይፈልጋል» ብለህ የምትመክረኝ አሥር ዓመት የሠራሁትን እኔን ነው?

እየተቆጣሁ እንደሆነ ይገባሃል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። ሰውየውን አመስግነህ፣ ሻይህን ጠጥተህ፣ ብራናዬን ተቀብለህ ውጣ።

ጽናት


ጎተንበርግ፣ ሰኔ 21 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለእህቴ ለጽናት፤

ሰላምና ጤና፣ ትዕግሥትም ጭምር ከሰማይ ይስጥሽ። የምጽፍልሽን በጥሞና እንድታነቢው እለምንሻለሁ።

ብራናው ባለፈው ወር ለሕዝብ ታይቷል። ለብቻው በመስታወት ውስጥ፣ ከላዩ ትንሽ መብራት በርቶለት። ከሥሩ «የመንዝ ካርታ፤ ጸሐፊው ያልታወቀ፤ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ሳይሆነው አይቀርም» የሚል ጽሑፍ አለ። እኔ ይህን አላልኩም። እኔ ያልኩት «ከቤታችን የወጣ ነው፤ አያታችን ቁም ጸሐፊ ነበሩ» ብቻ ነው። ይህ ውሸት ነው? አይደለም። የቀረውን እነሱ ጨመሩት። አንድ ተመራማሪ ዘንገረብ የሚመስል ስም ከድሮ ዜና መዋዕል አግኝቻለሁ ብሏል። ያ የሚዘጋው ሣር ደግሞ ከጓሳ ሥርዓት ጋር አንድ ሆኖ ስላገኙት፣ እውነተኛ አገር ለመሆኑ ማስረጃ ነው አሉ። በምረቃው ምሽት እንድናገር ጋብዘውኝ ነበር፤ ተናገርኩ፤ ሰው ሁሉ ቆሞ አጨበጨበ። ፎቶውን ፌስቡክ ላይም አውጥተውታል።

አሁን ልብ ወለድሽ ቢወጣ ምን እንደሚሆን አስቢው። እኔ አታላይ እባላለሁ። ሥራዬም መኖሪያዬም እዚህ ነው። መጽሐፉን ተዪው አልልሽም። የአገሩን ስም ብቻ ለውጪ፤ ካርታውንም ሌላ ሣዪለት። አንቺ እንደሆነ ከልብሽ ፈጥረሽ ነው፤ ሌላ መፍጠር አይቸግርሽም።

ለክረምቱ ጥቂት ገንዘብ ከመንገደኛው ጋር ልኬአለሁ፤ ከእናቴ ጋር ተካፈሉት።

የሚወድሽ ወንድምሽ ትዕዛዙ


ሞላሌ፣ ሐምሌ 25 ቀን 2016 ዓ.ም.

ትዕዛዙ፤

ጤና ይስጥህ። ገንዘብህን ሁሉንም ለእናትህ ሰጥቻለሁ። እኔ አልነካሁትም፤ ወደፊትም እንዳትልክልኝ።

ደብዳቤህን እንዳነበብኩ ብመልስልህ ኖሮ ይህ ወረቀት ላንተ ለመላክ የሚያበቃ አይሆንም ነበር። ስለዚህ ጥቂት ቀን ጠበቅሁ። ንዴቴ ግን አልበረደም፤ እንዲያውም ጨመረ።

«ሌላ መፍጠር አይቸግርሽም።» ይህን ዓረፍተ ነገር በእጅህ ጻፍከው? ልጇን ለነጠቋት እናት «ሌላ ትወልጃለሽ» ይባላል? ያ አገር ከአየር ላይ የተለቀመ መሰለህ? እያንዳንዱ መንደር እዚያ የተቀመጠው ሌላ ቦታ ሞክሬው ስላልሆነ ነው። በላይኛው ጥግ ያለው ገዳም ሦስት ምዕራፍ አስጥሎኛል፤ አንድ ቀን መንገዱን ስሥል መነኮሳቱ ውኃ የሚቀዱበት እንደሌላቸው አየሁና ሦስቱንም ምዕራፍ ጣልኩ። የሰገነትን እናት የገደላት ካርታው ነው። በሕይወት እንድትቆይ ፈልጌ ነበር፤ መድኃኒቱ ያለበትና እሷ ያለችበት ተራርቆ ተገኘ። አለቀስኩ እንጂ ከተማውን አላቀረብኩትም። አንተ ይህን «ጸሐፊው ያልታወቀ» በሚል ወረቀት ሥር ታስቀምጠዋለህ። ጸሐፊው እኮ ስልክ ቁጥሯ ኪስህ ውስጥ ነው!

ሌላም ልንገርህ። የእናንተ ተመራማሪ ዘንገረብን በዜና መዋዕል አገኘሁ አለ? ይቅናው። ስሙን ያወጣኸው አንተ ነህ። ከአያታችን ቤት ጓሮ ያለውን ገደል ረሳኸው? ክረምት ላይ ደመናው ከሥር እየወጣ ሲሞላው ጫፉ ላይ አቁመኸኝ «ከዚህ ወዲያ ዘንገረብ ነው፤ የገባ አይወጣም፤ መንገዱም ሞቷል» ያልከኝ አንተ ነህ። ዘንገረብ ምን ማለት ነው ብልህ «እኔ እንጃ፣ አሁን መጣልኝ» ብለህ ሳቅህ። እኔ ግን ማልቀሱን ትቼ «መንገድ ከሞተ ማን ይቀብረዋል?» ስል ቀረሁ። መጽሐፉ ሲታተም የመጀመሪያው ገጽ ላይ እንዲወጣ «ለትዕዛዙ» ብዬ ጽፌ ነበር። ረሳኸው። መርሳትህን ይቅር እልህ ነበር። ተመራማሪ ሲያገኘው ዝም ብለህ ጭብጨባውን መቀበልህን ግን እንዴት አድርጌ ይቅር እላለሁ?

ስሙን አልለውጥም። ካርታውን አልለውጥም። ሄደህ «የእህቴ ነው፣ በሕይወት አለች፣ መምህርት ናት» በልና ብራናዬን አምጣ።

ጽናት መርስዔ ኃዘን


ሞላሌ፣ ጥቅምት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ትዕዛዙ፤

መልስህ ሳይመጣ እንደገና ለመጻፍ ተገድጃለሁ። ሰላምታውን መተዌን ይቅር በለኝ።

ለመስቀል ከአዲስ አበባ የመጣ የደብሩ ተወላጅ ያንን የፌስቡክ ፎቶ በስልኩ ይዞ መጥቶ ለዕቃ ቤቱ ጠባቂ ለአባ አትናቴዎስ አሳያቸው። «ከመንዝ የሄደ የጥንት ብራና፣ ከጸሐፊ ቤት የወጣ።» አባ አትናቴዎስ ምን ይበሉ? በዚህ አገር ብራና የሚፍቅና የቤተ ክርስቲያን መጽሐፍ የሚጠግን አንድ ሰው ነው ያለው፤ እሱም አባቴ። የተጠገኑት መጻሕፍት ሁሉ ከዕቃ ቤት ወጥተው ቅጠላቸው አንድ በአንድ ተገለጠ። ከአንዱ ላይ አንድ ቅጠል ጎደለ። አያታችን ሳይወለዱ የጎደለ ይሆናል፤ ግን ጎደለ።

አባባ ለጥገና ከያዙት ዳዊት ላይ እጃቸውን እንዲያነሡ ተነግሯቸዋል። ገበያ ላይ ሰላም የሚሏቸው ሰዎች መንገድ ይለውጣሉ። «የልጅቱ ሥራ ነው» ብለው ቢናገሩም «መምህርት ከየት ታመጣዋለች?» ተባሉ። ከዚያ ወዲህ ከሰው ጋር አይነጋገሩም፤ ከእኔም ጋር። ብራና መወጠሪያቸውን ነቅለው ግድግዳ አስደግፈውታል።

አባቴ ሌባ ተብለዋል፣ ትዕዛዙ። አጎትህ። ሌላ ነገር አልጠይቅህም። ብራናው የእኔ ሥራ መሆኑን፣ የካቻምና ፍየል መሆኑን፣ ዘንገረብም የሌለ አገር መሆኑን በገዛ እጅህ ጽፈህ ፈርመህ ላክ። በጉባኤ ፊት ይነበባል።

ጽናት


ጎተንበርግ፣ ታኅሣሥ 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጽናት፤

ሰላም ለአንቺና ለአጎቴ ይሁን። የደረሰባቸውን ስሰማ ምግብ አልገባልኝም። እውነቴን ነው።

ነገር ግን አንቺም እኔን ስሚኝ። በዚህ አገር ስኖር አሥራ ስድስተኛ ዓመቴ ነው። ሰው ጀርባዬን እያየ ይሳፈራል፣ ጀርባዬን እያየ ይወርዳል። የመጣሁበትን የጠየቀኝ ባለሥልጣን ብቻ ነው። በዚያ ምሽት ግን ወንበር ስበው አስቀምጠው፣ ውኃ ቀድተው «እባክዎ ስለ አያትዎ ይንገሩን» አሉኝ። ያን ጊዜ «ይቅርታ፣ ይህ የአጎቴ ልጅ ተረት ነው» ማለት ነበረብኝ? አዎ፣ ነበረብኝ። አላልኩም። አንቺ እዚያ ቁጭ ብለሽ አገር ስትሠሪ ከርመሽ፣ እኔ አንድ ምሽት ብቀመጥበት ምን ጎደለብሽ? አንቺም ተናደጂ፤ እኔም ተናድጃለሁ። ገደሉን አልረሳሁትም። ደብዳቤሽን ሳነብ ሁሉም መጣልኝ፤ ለዚህም ይበልጥ ተናደድኩ።

ለደብሩ የሚነበብ ወረቀት ጽፌ ከዚህ ጋር አያይዣለሁ። ብራናው ከቤተ ክርስቲያን እንዳልወጣ፣ ከአያታችን ቤት የተገኘ መሆኑን መስክሬአለሁ፤ ፈርሜበታለሁ። ይህ አጎቴን ነፃ ያወጣቸዋል፤ እኔንም እዚህ አያሳፍረኝም። ከዚህ በላይ አትጠይቂኝ።

ትዕዛዙ


ሞላሌ፣ ጥር 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ትዕዛዙ፤

ወረቀትህ ከጥምቀት በኋላ ባለው እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ደጀ ሰላሙ ላይ ተነበበ። እኔ እንዳይነበብ ብዬ ነበር። እናትህ «የልጄ ቃል ይሰማ» ብለው ለአባ አትናቴዎስ ሰጧቸው። ምን እንዳሉ ልንገርህ? «ከአያታቸው ቤት ከሆነ፣ አያታቸው የደብሩ ጸሐፊ ነበሩ፤ እንግዲያው የደብሩ ንብረት ነው» አሉ። ባንተ ምስክርነት አያታችንም ሌባ ሆኑልህ። እናትህ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉ። ራስህን ነጻ ያወጣህ መስሎህ ሁላችንንም አስረህ ሄድክ።

ያን ጊዜ ተነሣሁ። ሴት በጉባኤ መካከል እንዲህ ስትጮህ ነውር ነው ይበሉኝ ብዬ ጮህኩ። «የሣልኩት እኔ ነኝ! ሰሌዳ አምጡልኝ፣ አሁን ፊታችሁ ልሣለው!» አልኩ። ሁለት ጎልማሶች ከትምህርት ቤት ጥቁር ሰሌዳ ተሸክመው መጡ። አባ አትናቴዎስ ለጥምቀት እንደገና የመጣውን የዚያን የአዲስ አበባ ሰው ስልክ ተቀብለው፣ ፎቶውን አስፍተው ከጎኔ ቆሙ። ሰውየው በሌላ ስልክ ይቀርጸኝ ጀመር። እኔም ጠመኔ አንሥቼ ከላይ ጀመርኩ። ተራሮቹን፣ ገዳሙን፣ የጨው በር የሚባለውን መተላለፊያ፣ የተዘጋውን ሣር፣ የሞቱትን መንገዶች። አባ አትናቴዎስ ስልኩንና ሰሌዳውን እያስተያዩ በጣታቸው ይከተሉኝ ጀመር።

ወንዙ ጋ ስደርስ «ቁሚ!» አሉኝ። «እዚህ ላይ ወንዙ ከከተማው በስተግራ ነው። አንቺ በስተቀኝ አደረግሽው። አይተሽ ሸምድደሽ ነበር፣ ይኸው ሳትሽ!» ሰዉ ማጉረምረም ጀመረ። እኔ ደግሞ እዚያ ቦታ ላይ ትዕግሥት አልነበረኝም። «አልሳትኩም! አውቄ ነው ያዛወርኩት! በስተግራ ሲሆን ልጅቷ ሳትሻገረው ታልፋለች፤ መሻገር አለባት! ባለፈው ክረምት ነው የለወጥኩት፣ የብራናው አሮጌው ነው!» አልኳቸው። አባ አትናቴዎስ ጭራሽ ግራ ገባቸው።

አባባ ከኋላ ተነሡ። ከመስቀል ወዲህ ድምፃቸውን የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። «አባ» አሉ፣ «እኔ ዕድሜዬን በሙሉ የሰው ስገለብጥ ኖርኩ። ገልባጭ አንዲት ነጥብ ቢያዛውር እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ንስሐ ይገባበታል። ይህች ልጅ በእናንተ ሁሉ ፊት ወንዝ ስታዛውር እጇን አየሁት፤ አልተንቀጠቀጠም። የሌላ ሰው ቢሆን አትደፍረውም። የእሷ ነው።» ብለው ተቀመጡ።

አባ አትናቴዎስ እጄን ሲያዩ ቆዩ። ከዚያ «ታዲያ ይህ ሁሉ ያልነበረ አገር ነው?» አሉኝ። «አዎ» አልኩ። «ላልነበረ አገር ነው ዕቃ ቤቴን የበረበርኩት!» ብለው ደግሞ በዚያ ተቆጡ። ቁጣቸው እስካሁን አልለቀቃቸውም፤ ዳዊቱን ግን በማግሥቱ ራሳቸው ለአባባ አመጡላቸው።

ቀረጻው አዲስ አበባ ሲደርስ ፌስቡክ ላይ ይወጣል። አንተ ያላልከውን ሰሌዳው ይነግራቸዋል። የጠየቅሁህ አንድ ወረቀት ነበር፣ ትዕዛዙ። እሱንም ሳትሰጠኝ ጨረስኩት።

ጽናት


ጎተንበርግ፣ ሚያዝያ 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለጽናት፤

እህቴ ልበልሽ? ካልፈቀድሽ ሰርዢው። ለአጎቴ በመሬት ላይ ወድቄ ሰላም እላለሁ።

ቀረጻው እዚህ ደርሷል። የባህል ቤቱ ኃላፊ ጠርቶኝ ሄድኩ። ጠረጴዛው ላይ አንቺ በስልኩ ውስጥ ጠመኔ ይዘሽ ትጮሂያለሽ። «ይህች ማን ናት?» አለኝ። «ካርታውን የሠራችው እህቴ ናት። መምህርት ናት። አገሩንም የፈጠረችው እሷ ናት» አልኩት። ማለት ከነበረብኝ ቀን አንድ ዓመት ዘግይቼ አልኩት።

የሚቆጣኝ መስሎኝ ነበር። አልተቆጣም። ሳቀ። «እንግዲህ አዲስ ነገር ከሆነ የእኛ ጉዳይ አይደለም» አለና ከመስታወቱ አወጣው። ጓንት አላጠለቀም። ጽናት፣ እፊቴ ለአራት አጠፈው። እንደ ቆሻሻ ጋዜጣ በመዳፉ ተጭኖ አጠፈውና ፖስታ ውስጥ ከትቶ ሰጠኝ። ያው እኮ ነው! ያው ብራና፣ ያው ቀለም! የሞተ ሰው እጅ ሲመስላቸው ትንፋሻቸውን ይዘው ያዩት የነበረ፣ የሠራችው በሕይወት አለች ስላቸው ነው እንዲህ ያደረጉት። ጮህኩበት። በዚህ አገር ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም ነበር፤ ጥበቃ መጥቶ አስወጣኝ። ከንዴቴ የተነሣ ትራሙን መንዳት ስላልቻልኩ ፈቃድ ጠይቄ ወረድኩ። ያን ጊዜ ነው «ጽናት ይህን ዓመት ሙሉ ያለፈችው በዚህ ስሜት ነው» ብዬ ያሰብኩት።

ሳይታጠፍ በፊት በማሽን የተነሣውን ፎቶ ለማተሚያ ቤቱ ልኬአለሁ። ብራናው ግን ማጠፊያው ላይ ቀለሙ ተሰነጣጥቆ ረግፏል። በካውያ ልሞክረው? የሚጠግን ሰው ልፈልግ? የበደልኩት ይህ ብቻ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ይቅርታ አድርጊልኝ።

ትዕዛዙ


ሞላሌ፣ ግንቦት 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ትዕዛዙ፤

ጤናህን ይስጥህ።

በካውያ እንዳትነካው! አባባ «ብራና በእሳት ይጨማደዳል፤ እንዳለ ይምጣ» ብለዋል። የሚጠግንም አትፈልግ። ይቅርታህን አንብቤዋለሁ፤ ለአባባም አንብቤላቸዋለሁ። እሳቸው ሰምተው ወደ ብራናቸው ተመለሱ። ሰውየው በመዳፉ ተጭኖ አጠፈው ያልከው ቦታ ላይ ስደርስ ወረቀቱን ጥዬ ከቤት ወጥቼ ነበር። ንዴቴ በሁለታችሁም ላይ ነው፤ ግን እኩል አይደለም፤ አንተ ዘመዴ ነህ።

ማተሚያ ቤቱን አስቁሜዋለሁ። ፎቶው ደህና ነው ትለኝ ይሆናል። ፎቶው የዱሮውን አገር ነው የሚያሳየው፤ አገሩ ግን ከዚያ በኋላ ታጥፏል። ቀለም የረገፈበት መንገድ ሁሉ ሞቷል ማለት ነው፤ ቀባሪ ያስፈልገዋል።

ስለዚህ ብራናውን ዘርጋና ካርታውን አግድም የሚያቋርጠው ማጠፊያ በየት በኩል እንዳለፈ በደንብ አይተህ ንገረኝ። ከጨው በር በላይ ካለፈ ሰገነት ቀድማው አልፋለች። በታች ካለፈ ግን እሷ ከወዲያ፣ ሰዎቿ ሁሉ ከወዲህ ቀርተዋል፤ እንዴት እንደምታገኛቸው ገና አላውቅም።

አልታረቅንም። ይህን ግን ቶሎ ጻፍልኝ።

ጽናት